ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት፤ ከፒያሳ እስከ እንጦጦ

በቤትዎ የሚዳር ልጅ ካለ ወይም እርስዎ ራስዎ ለሠርግ በመዘጋጀት ላይ ከሆኑ፣ የጤፉ፣ የበርበሬው፣ የድንኳኑና የጥሪ ወረቀቱ ነገር ሐሳብዎን እንደሚይዘው የታወቀ ነው። የፎቶግራፍ አንሺው ጉዳይ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው መጨረሻ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ወጡ ተበልቶ፣ ጠላው ተጠጥቶ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ ሲያበቃ በቤት ውስጥ የሚቀረው ፎቶግራፉ ነው። ወጡ ጨው ቢበዛበት እንግዳ ይረሳዋል። የተበላሸ ፎቶግራፍ ግን ሠርጉ ተመልሶ ስለማይደገስ መጠገኛ የለውም። እስቲ ፎቶግራፍ አንሺ ፍለጋ አዲስ አበባን አብረን እንዙር።

ጉዟችንን ከፒያሳ እንጀምር። አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው በቤተ መንግሥት አገልግለዋል። በኋላ ሙያው ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ ሕዝቡ ሲደርስ፣ የፒያሳ ፎቶ ቤቶች ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ለምረቃና ለሠርግ የሚሄዱባቸው ቤቶች ሆኑ። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወይም ከማዘጋጃ ቤት የወጡ ሙሽሮች ወደ ፎቶ ቤት ጎራ ብለው፣ በተሳለ መጋረጃ ፊት ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይነሱ ነበር። ዛሬ በብዙ እናቶች ሳሎን ግድግዳ ላይ የሚታየው ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ የዚያ ዘመን ሥራ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች በብዛት ፈርሰዋል፤ በዚያው ዓመት የዓድዋ ድል መታሰቢያ በአካባቢው ተከፍቷል። ከዚህ አንድ ትምህርት እንውሰድ። ፎቶ ቤት ሊዛወር ወይም ሊዘጋ ይችላል። የልጅዎ የሠርግ ፎቶግራፍ በፎቶ ቤቱ መሳቢያ ወይም ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ ከቀረ፣ ቤቱ የሄደ ዕለት አብሮ ይሄዳል። ስለሆነም የታጠበውን አልበም ብቻ ሳይሆን የሥዕሎቹን ሙሉ ቅጂ ጭምር መረከብ ይገባዎታል።

አሁን ወደ አንድ ፎቶ ቤት እንግባ። በመስታወቱ ላይ የተሰቀሉት ትልልቅ ፎቶግራፎች ያማልላሉ፤ ነገር ግን እነዚያ ከብዙ ሠርጎች አንድ አንድ የተመረጡ ናቸው። እርስዎ የሚጠይቁት የአንድ ሠርግ አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሁን። አልበሙን ሲገልጡ ሦስት ነገሮችን ይመልከቱ።

በመጀመሪያ ነጩን ልብስና ፊቱን ያስተያዩ። ካሜራ በራሱ ከተተወ የቬሎው ወይም የሀበሻ ቀሚሱ ንጣት ያታልለዋል፤ ልብሱን ለማዳን ሲል የሙሽራዋን ፊት ያጠቁራል። በሌላ በኩል ፊቱን ብቻ ካየ ልብሱ ነጭ ወረቀት ይመስልና የጥበቡ ፈትል ይጠፋል። ጥሩ ባለሙያ ሁለቱንም ያድናል። ሁለተኛ በድንኳን ውስጥ የተነሱትን ይዩ። ሸራው ሰማያዊ ወይም ቢጫ ከሆነ የሁሉም ሰው ፊት ያንን ቀለም ይዋሳል፤ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ግን ያስተካክለዋል። ሦስተኛ ሽማግሌዎቹንና አሮጊቶቹን ይፈልጉ። ሙሽሮቹ በመቶ ቦታ ተነስተው አያት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ዓይናቸውን ጨፍነው የሚታዩ ከሆነ፣ ያ ፎቶግራፍ አንሺ ሠርግ ምን እንደሆነ ገና አልገባውም።

ከፎቶ ቤቱ ወጥተን ወደ መናፈሻዎቹ እንሂድ። ለብዙ ዓመታት የጊዮን ሆቴል የአትክልት ስፍራ የሙሽሮች መሰብሰቢያ ነበር። በኋላም በ2012 ዓ.ም. የአንድነት ፓርክ፣ በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተከፍተዋል። ቦታ ከመምረጥዎ በፊት ለፎቶግራፍ ፈቃድና ክፍያ የሚያስፈልግ መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ። ሰዓቱንም ያስቡበት። በጥር ወር ሰማዩ ጥርት ያለ በመሆኑ በ6 ሰዓት የሚወርደው ፀሐይ ከዓይን በታች ጥላ ይጥላል፤ ሙሽራዋንም ያስጨፍናል። ከ10 ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ለፊት ይለሰልሳል። የእንጦጦ ነፋስ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው፤ ለሙሽራዋ ጋቢ ወይም ካባ መያዝ አይርሱ።

ከሁሉም በላይ ግን የመናፈሻው ጉዞ የሚወስደውን ጊዜ ይመዝኑ። ሙሽሮችና ሚዜዎች በመኪና መጨናነቅ ውስጥ ሲመላለሱ፣ እናት በአዳራሽ በር ላይ እንግዳ ሲያስተናግዱ ይቆያሉ። በመጨረሻ ሁሉም ሲደክም የቤተሰቡ ፎቶግራፍ በጥድፊያ ይነሳል፤ ወይም ጭራሽ ይቀራል። ስለዚህ የቤተሰቡ ፎቶግራፍ ጠዋት በቤት ይነሳ። የማን ከማን ጋር እንደሚነሳ በወረቀት ጽፈው፣ ዘመድ የሚያውቅ አንድ ሰው ከፎቶግራፍ አንሺው ጎን ያቁሙ። ሙሽራዋ የወላጆቿን ጉልበት ስማ የምትወጣበት ጊዜ በጣም አጭር ነው። ባለሙያው ያን ጊዜ መንገድ ላይ ሳይሆን ሳሎን ውስጥ ሊሆን ይገባል። ሙሽራዋ በምትለብስበት ክፍል ሴት ባለሙያ እንድትገባ ከፈለጉም አስቀድመው ይናገሩ።

ምርጫዎ ካበቃ በኋላ ውሉን በጽሑፍ ያድርጉ። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ሠርግ ስለሚበዛ አንድ ፎቶ ቤት በአንድ ቀን ሁለት ሠርግ ሊቀበልና ወደ እርስዎ ለማጅ ሊልክ ይችላል። ስለሆነም የሚያነሳው ሰው ስም፣ የሚመጣበትና የሚሄድበት ሰዓት፣ መልስና ቅልቅል መካተት አለመካተቱ፣ የሚታጠበው ብዛት፣ አልበሙ የሚያልቅበት ቀን፣ ጠቅላላ ዋጋውና ቀብዱ በውሉ ላይ ይስፈሩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ የሚለውም አለ፤ ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ካላደረጉ በቀር፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ደረሰኝዎን በጥንቃቄ ያስቀምጡ። ከዋጋው የተወሰነውንም አልበሙን እስኪረከቡ ያቆዩት።

አንድ ጉዳይ ይቀረናል። ፎቶ ቤቱ የልጅዎን ፎቶግራፍ በመስታወቱ ላይ ሊሰቅል ወይም በስልክ ገጾች ላይ ሊያሰራጭ ይፈልግ ይሆናል። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይደነግጋል፤ ሕጉ የተለዩ ሁኔታዎችን ቢያስቀምጥም መሠረቱ ይህ ነው። ገንዘብ ከፍሎ ፎቶግራፍ መነሳት ለማስታወቂያ መፍቀድ ማለት አይደለም። ፈቃዱን የምትሰጠው ወይም የምትከለክለው ሙሽራዋ ራስዋ ናት፤ አማችም ሆነ ሚዜ ስለ እርስዋ ሊመልሱ አይገባም። መልስዋ በውሉ ላይ በአንድ መስመር ይጻፍ።

አልበሙ እጅዎ ሲገባ ሥራው አላለቀም። ቅጂውን በሁለት የተለያዩ ቤቶች ያስቀምጡ። ከታጠቡት ጀርባ በእርሳስ ስምና ዓመተ ምሕረት ይጻፉ፤ ዛሬ ሁሉም የሚያውቀውን ፊት የልጅ ልጅ ላያውቀው ይችላልና። አያትም ከልጅ ልጃቸው ጋር የተነሱትን አንድ ፎቶግራፍ በክፈፍ አድርገው፣ በስልክ ሳይሆን በእጃቸው ይስጧቸው። በሚቀጥለው ሠርግ ላይ እሳቸው ስለመኖራቸው ዋስትና የሚሰጠን የለም።