ባሌስትራና ክብደቱ

የሽቦና የቆርቆሮ መኪና በሐዋሳ መንገድ እየነዳን ያደግን እኛ፣ ዛሬ አራቱም ጎማዎቹ የሚጎትቱ ባለባሌስትራ የጭነት መኪና ከዋናው 1/10 አድርገን ለመሥራት ተነሥተናል። አንባቢ ሆይ፣ «ሁሉን በ10 አካፍሎ መቅዳት ነው» ትል ይሆናል። ሒሳቡ ግን እንዲህ አይልም።

ጋሊሊዮ በ1638 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ መጠን ሲለወጥ ክብደትና ጥንካሬ እኩል እንደማይለወጡ አስረድቷል። በእኛም መኪና ርዝመት፣ ወርድና ቁመት እያንዳንዳቸው በ10 ሲካፈሉ ክብደቱ በ1000 ይካፈላል፤ የባሌስትራው ግትርነት ግን በ10 ብቻ። ስለዚህ ትንሹ መኪና ከሚገባው 10 እጥፍ የደረቀ ይሆናል። በታቦር ተራራ ግርጌ ድንጋይ ላይ ሲወጣ አንዱ ጎማ አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ ዲፈረንሻሉም መሬት ያልረገጠውን ጎማ በከንቱ ያሽከረክራል።

መፍትሔው ብረቱን ማሳሳት ነው። ውፍረት በእጥፍ ሲያድግ ግትርነት 8 እጥፍ ያድጋልና፣ በዋናው መኪና 10 ሚሊሜትር የሆነው ዝርግ ብረት በእኛ ዘንድ 1 ሚሊሜትር ሳይሆን 0.46 ገደማ መሆን አለበት።

ለዓይን ታማኝ የሆነ ቅጂ ለመንገድ ታማኝ አይደለም። ከባሕር ማዶ የመጣውን ዕውቀትና ሥርዓት በገዛ ክብደታችን ሳናሰላ ለመቅዳት የምንቸኩል ተማሪዎች ሁሉ ይህን ልብ እንበል።