ሐይቁና የአገልጋዩ ልጅ

ውድ ባለትዳሮች፣ የተዋወቃችሁበትን ስፍራ ታስታውሳላችሁ? በእንግሊዝ አገር፣ ሊክ በምትባል ከተማ አጠገብ፣ ሩድያርድ የሚባል በሰው እጅ የተሠራ ሐይቅ አለ። የሜቶዲስት አገልጋዩ የጆርጅ ብራውን ማክዶናልድ ልጅ አሊስ እ.ኤ.አ. በ1863 ጆን ኪፕሊንግን ያገኘችው እዚህ ነበር። እርሱም የአገልጋይ ልጅ ነው።

በዘመኑ ደንብ የሜቶዲስት አገልጋይ በአንድ ስፍራ ከ3 ዓመት በላይ አይቆይም፤ ስለዚህ የአሊስ ቤተሰብ ጓዙን ጠቅልሎ ከከተማ ከተማ ይዞር ነበር። ሆኖም ወንድሟ ፍሬድሪክ የአባቱን አገልግሎት ወረሰ፤ የእኅቷ ልጅ ስታንሊ ቦልድዊንም 3 ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

አሊስና ጆን በ1865 ተጋብተው ወደ ሕንድ ሄዱ። በዚያው ዓመት ቦምቤይ ለተወለደው ልጃቸው የሐይቁን ስም አወጡለት፤ እርሱም ደራሲው ሩድያርድ ኪፕሊንግ ነው።

ቋሚ ቤት ሳታውቅ ያደገች እናት የፍቅሯን ስፍራ ለልጇ አወረሰች። እናንተስ የፍቅራችሁን መጀመሪያ ለልጆቻችሁ ነግራችኋቸዋል? ዛሬ ማታ ማዕድ ላይ ንገሯቸው።