«በዚህ ጊዜ ቫዝሊን?»

ዛሬ ጠዳ መንገድ ዳር ካለችው ሱቅ ቫዝሊን ስገዛ አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ፣ «ልጄ፣ አገሩ እንዲህ ሆኖ አንቺ ቅባት ትገዣለሽ?» አሉኝ። ክፋት የለባቸውም። ስኳር ሊገዙ መጥተው ዋጋው አናዷቸው ነው። «ምን ይደረግ አባቴ» ብዬ ወጣሁ፤ መንገዱን ሙሉ ግን መልስ ስፈልግ ቤት ደረስሁ። እሳቸው ፌስቡክ ስለማይከፍቱ ለእናንተው ልጻፈው።

አዎ አባቴ፣ በዚህ ጊዜ። ይልቁንም በዚህ ጊዜ።

መንገድ በተዘጋ ቁጥር፣ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር፣ ልጅ ከጎንደር እስኪመለስ ደጅ ደጁን ስናይ ስንውል፣ ያ ሁሉ ጭንቀት የት የሚገባ ይመስላችኋል? ቆዳችን ላይ ነው የሚወጣው። ጎረቤቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ተኝቶ የኖረ ችፌ አለባት። ዘንድሮ ተነሥቶባት ሌሊት ክርኗን ስታክ ታድራለች፤ ጠዋት አንሶላዋ ላይ የደም ነጠብጣብ ታያለች። ሌላዋ ጸጉሯ በማበጠሪያው እየሞላ ይወጣል። እሱም ቢሆን ድንጋጤው በደረሰበት ሳምንት አይደለም የሚረግፈው፤ ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ነው። ስለዚህ ማንም ከዚያ ክፉ ቀን ጋር አያያይዘውም። ውሃው ነው፣ ሻምፖው ነው፣ የሰው ዓይን ነው ይባላል። እናንተ ጸጉራችሁ እየረገፈ ያላችሁ እህቶቼ፣ እስቲ ወደኋላ ቆጥራችሁ ያን ሰሞን ምን እንደነበር አስታውሱ። እንዲህ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል፤ አትደንግጡ።

ተረት እያወራሁ አይደለም። ሰው ሲጨነቅ ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን ይበዛበታል፤ እርጥበት የሚይዘው የቆዳችን የላይኛው ሽፋንም ሲጎዳ ቶሎ አይጠገንም። አሜሪካ ውስጥ ተማሪዎች ቆዳ ላይ ፕላስተር እየለጠፉ እየላጡ ሽፋኑ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያገግም ለክተው ነበር። በፈተና ሰሞን የሚያገግመው ከዕረፍት ጊዜ ይልቅ ዘግይቶ ሆኖ ተገኘ። ያ የፈተና ጭንቀት ነው እንግዲህ! እዚህ ጤና ሳይንስ ኮሌጁ በር ላይ የምትቆሙ ልጆች፣ ፈተና ሲቃረብ ግንባራችሁን የሚሞላው ብጉር ከየት እንደመጣ ይኸው አወቃችሁ። ፈተናው ግን ያልፋል፤ የኛን ማን ያሳልፍልናል?

በዚያ ላይ ደገኞች ነን። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ደባርቅማ 2,800ን ይዛለች። ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የሚያቃጥለው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ እየበረታ ይሄዳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አየሩ ስለሚበርድ ፀሐዩ አይታወቀንም፤ ፊታችን ግን ያውቀዋል። ማድያት የሚበዛብንም ለዚህ ነው። እርግዝናውም፣ የወሊድ መቆጣጠሪያውም፣ ፀሐዩም ተደማምረው ያመጡታል።

ማድያት ካልሁ አይቀር፣ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እህቴ ሁለተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ ጉንጯ ላይ ማድያት ወጣባት። ባሏ ሥራ ያጣበት፣ እንቅልፍ ያጣችበት ዘመን ነው። አንድ መድኃኒት ቤት ሄደች፤ ስሙን አልጠራም። ሰውየው ምን ሆንሽ እንኳ ሳይላት፣ ፊቷንም በወጉ ሳያይ፣ ስም ያልተጻፈበት ትንሽ ነጭ ብልቃጥ አንሥቶ፣ «ይኼን ማታ ማታ ተቀቢ፣ ጥርት ያደርግሻል» አላት። እውነትም አጠራት። መንደሩ በሙሉ «ምን ተቀባሽ? ለኛም ንገሪን» አለ። ቆይቶ ጉንጯ ቀላ፤ ከቆዳዋ ሥር ቀጫጭን የደም ሥሮች እንደ ክር ይታዩ ጀመር፤ አገጯ ላይ ጸጉር በቀለ። ምጣድ ፊት መቆም ተሳናት። ክሬሙን ስታቆም ደግሞ ፊቷ እንደ እሳት ነደደ፤ እንደገና ስትቀባ ተሻላት፤ ባቆመች ቁጥር ያው ነው። ጎንደር ቆዳ ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ሐኪሟ አይታ፣ «ይኼ ስቴሮይድ ነው» አለቻት።

ገበያ ውስጥ ፊት ያጠራል እየተባለ ከሚሸጠው ነገር አንዳንዱ ክሎቤታሶል አለበት። ክሎቤታሶል ከሚቀቡ ስቴሮይዶች ሁሉ እጅግ ብርቱ ከሚባሉት ነው። ሐኪም ለብርቱ ችፌ፣ ለጥቂት ሳምንት፣ ያውም ለፊት ሳይሆን ወፍራም ቆዳ ላለው ለእጅና ለእግር ያዝዘዋል። በየማታው ፊት ላይ ሲቀባ ቆዳን እያሳሳ ይሄዳል። አንዳንዱ ደግሞ ሜርኩሪ አለበት። ሜርኩሪ በቆዳ አልፎ ኩላሊት ይጎዳል፤ እናት የተቀባችው ለምታጠባው ልጅ ይተርፋል። ለማን ነው የሚሸጡት? ሌሊቱን ስትጨነቅ አድራ ጠዋት መስታወት ፊት ደንግጣ ለቆመች ሴት። ፊቷ እንዲህ የሆነው አገር ስለከበዳት ነው፤ እነሱ ግን ጥቁረትሽ ነው ብለው ብልቃጥ ያስታቅፏታል። አሁንም ስጽፈው እጄ ይንቀጠቀጣል።

እና አባቴ፣ እኔ የገዛሁት ቫዝሊን ነው። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ያልሆነውን ነኝ አይል። ለብ ባለ ውሃ ታጥበን፣ በፎጣ ሳንፈትግ መታ መታ አድርገን፣ ቆዳው ገና እርጥብ እያለ ብንቀባው ውሃውን አፍኖ ይይዝልናል። የኛ እናቶች ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁት ነበር፤ የጠዳ ልጅ ጠዋት ቫዝሊኑን ተለቅልቆ ትምህርት ቤት ሲሄድ ፀሐይ ራሷ ታፍርበታለች። የፀሐይ ክሬም ለገዛ እሰየው፤ ላልቻለ ጥላና ነጠላ አለ። ሎሚና የጥርስ ሳሙና ግን፣ ስለ ማርያም፣ ከፊታችሁ አርቁ።

አያቴ ሁለቱም ጉንጮቿ ላይ የቆየ ጠባሳ ነበራት። የበኩር ልጇ የሞተ ጊዜ የነጨችው ነው። ያኔ ሐዘን በአፍ ብቻ አይለቀስም፤ ፊት ይነጫል፣ ጸጉር ይላጫል፣ ቅቤ ይቀራል። እናቴ እንደምታወራው አርባው ካለፈም በኋላ አያቴ ገላዋን አልታጠብም ብላ ተኛች። ከዚያ አንድ ቀን የመንደሩ ሴቶች ለጋ ቅቤ በጣሳ ይዘው ገቡ። አንዷ ውሃ አሞቀች፣ አንዷ ቀሚሷን አወለቀችላት፣ አንዷ እግሯን አጠበች። ጉንጯ ላይ የደረቀውን ቅርፊት በጣታቸው ጫፍ ቅቤ እያስነኩ አለሰለሱት። አናቷ ላይ ቅቤ ሲያደርጉላት ቅቤው ቀልጦ በጆሮዋ ሥር ሲወርድ፣ ያን ጊዜ ነው በደንብ ያለቀሰችው አለች እናቴ። «በቃሽ እታለም» አሏት። ማንም በዚህ ጊዜ ቅቤ ምን ያደርጋል አላለም።

ለአያቴ ሰው መጥቶላታል። እኛ ግን እያንዳንዳችን በየቤታችን፣ በሩን ዘግተን፣ በስልክ መብራት ፊታችንን ስናይ እናመሻለን። ጎረቤቴ ክርኗን ያሳየችኝ ስንት ጊዜ ከደበቀች በኋላ ነው። ቡና ላይ ስንቀመጥ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዋጋው፣ ስለ ጠፋው ሰው እናወራለን፤ እጄ ተሰነጠቀ፣ ሌሊት ያሳክከኛል ማለት እንደ ቅንጦት ሆኖብናል። እስቲ ንገሩኝ፣ የሚያሳክከው ሰው እንዴት ይተኛል? ያልተኛ ሰው እንዴት ልጅ ይታገሣል?

ደግሞ ሁሉንም ጭንቀት ነው ብላችሁ አትተዉት። ቤተሰቡ በሙሉ ሌሊት የሚያክክ ከሆነ፣ በጣት መሐልም ሽፍታ ካለ፣ እሱ እከክ ነው፤ ሰው ሲፈናቀልና ውሃ ሲጠፋ ይዛመታል። በ2008ቱ ድርቅ ክልላችን ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመርምሮ ሲሦ ያህሉ እከክ ተገኝቶበታል። ነውር አይደለም፤ መድኃኒት አለው፤ ብቻ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ቀን መታከም አለበት። ፊት ላይ ወጥቶ ወር ከወር የማይድን፣ የማያም ቁስል ደግሞ ቁንጭር ሊሆን ይችላል። በእሳት አታስተኩሱት፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚያክሙት ሰዎች አሉ። ጠበሉንም ተጠመቁ፣ ሐኪሙንም እዩ።

ያን ስም የሌለው ብልቃጥ የያዛችሁ ግን ዛሬ በአንድ ጊዜ አትጣሉት፤ እህቴን ያነደዳት ድንገት ማቆሙ ነው። ይዛችሁት ቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱና እንዴት እንደምታቆሙት ጠይቁ። አብሯችሁ የሚሄድ ካጣችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ከጠዳ እስከ ጎንደር አብሬ እሄዳለሁ። በቃ፣ ደከመኝ።