የመተማ አልጋ፣ የከተማ አልጋ

አልጋ ምንድን ነው? መኝታ ነው ትላላችሁ። ልክ ነው። ነገር ግን በአማርኛችን አልጋ ብዙ ነገር ነው። የንጉሥ ዙፋን አልጋ ይባል ነበር። ዙፋኑን የሚወርሰውም አልጋ ወራሽ ይባል ነበር። ዛሬ ከተማ ገብታችሁ «አልጋ አለ ወይ?» ብትሉ የምትጠይቁት ማደሪያ ክፍል ነው። «አልጋ ያዝን» ማለትም ክፍል ተከራየን ማለት ነው። ከመተማ ዮሐንስ ተነሥታችሁ በገንዳ ውኃ፣ በአይከል፣ በጎንደር አድርጋችሁ አዲስ አበባ እስክትደርሱ በየመንገዱ ዳር «አልጋ አለን» የሚል ጽሑፍ አለ። አሁን ታነቡታላችሁ። እንግዲህ ምን ዓይነት አልጋ እንደሆነ መጠየቅም ይመጣል።

እኛ አስተማሪዎቹ ከአዲስ አበባ እዚህ እስክንደርስ በየከተማው አድረናል። ስለ አልጋ የምንለው አለን።

በከተማ አልጋ የሚጠራው በስፋቱ ነው። አናጺውም፣ ፍራሽ ሻጩም የሚናገሩት በሜትር ነው። ጠባቡ 90 ሳንቲ ሜትር ነው። ቀጥሎ «ሜትር ከሃያ» አለ፤ ይኸውም 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚያ በኋላ «ሜትር ከሃምሳ» እና «ሜትር ከሰማንያ» ይመጣሉ። ርዝመታቸው ብዙውን ጊዜ 1 ሜትር ከ90 ወይም 2 ሜትር ነው። ሜትር በእጃችሁ ከሌለ ክንድ አላችሁ። አንድ ክንድ ግማሽ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ሜትር ከሃያ ማለት ሁለት ክንድ ከስንዝር ያህል ነው።

ሁለት ሰው ሜትር ከሃያ ላይ ቢተኛ ለያንዳንዱ የሚደርሰው 60 ሳንቲ ሜትር ነው። ይህ የሕፃን አልጋ ያህል ነው። አንዱ ሲገላበጥ ሌላው ይነቃል። ለመለካት ቀላል ዘዴ አለ። በጀርባችሁ ተኙና እጃችሁን ከራሳችሁ ሥር አድርጉ። ክርናችሁ ከአልጋው ካልወጣ ስፋቱ ይበቃችኋል። ርዝመቱ ደግሞ ከቁመታችሁ በአንድ ስንዝር ይብለጥ።

በትልልቆቹ ሆቴሎች ሌላ ቋንቋ አለ። «ሲንግል» የአንድ ሰው ነው። «ደብል» ለሁለት ሰው የሚሆን አንድ ሰፊ አልጋ ነው። «ትዊን» ሁለት የተለያየ አልጋ ነው። ከወንድማችሁ ጋር ሄዳችሁ «ደብል» ብትሉ በአንድ አልጋ ታድራላችሁ። «ሁለት አልጋ ያለው ክፍል» ብላችሁ በአማርኛ መጠየቅ ከሁሉ ይሻላል፤ ማንም አያፍርበት። «ኪንግ» የሚባልም አለ፤ ንጉሥ ማለት ነው። በአሜሪካኖች ልክ ስፋቱ 1 ሜትር ከ93 ሳንቲ ሜትር ነው። ከብት አልገባበትም እንጂ በረት ያክላል!

ንጉሥ ካነሣን አይቀር፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው የሞቱት እዚሁ መተማ ላይ ነው፤ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም.። መተማ ዮሐንስ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ከእሳቸው በኋላ አልጋውን የያዙት አፄ ምኒልክ ናቸው።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አልጋውን እዩ። ፍራሹን በእጃችሁ ተጫኑት። መካከሉ የጎደጎደ ስፖንጅ ወገብ ያሳምማል። የፍራሹን ጠርዝ ገልጣችሁ ስፌቱን ተመልከቱ፤ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ካለበት ትኋን አለ። ከሥር መጠጥ ቤት ካለ በጓሮ በኩል ያለውን ክፍል ጠይቁ። ጋቢም ያዙ። መተማ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የቆላ ሰው እዚያ ሌሊቱን በብርድ ያነጋል።

መተማ ሲደረስ ነገሩ ይገለበጣል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ቆርቆሮ ቤት ቀን የዋጠውን ሙቀት ማታ ይተፋዋል። እዚያ ውስጥ ሜትር ከሰማንያ አልጋ ቢዘረጋ ምን ይጠቅማል? ስፖንጁ ራሱ ይጋግራል። ስለዚህ ሲመሽ አልጋው ደጅ ይወጣል። በግቢው ውስጥ ይደረደራል። ለዚህ የገመድ አልጋን የሚያክል የለም። አራት እግር፣ አራት ወጋግራ፣ የተጠላለፈ ገመድ ወይም ጠፍር ነው። ነፋስ ከሥር ይገባል፤ ላብ ይደርቃል። ገመዱ ሲላላ ማጥበቅ ነው። ሱዳኖች አንገሬብ ይሉታል። የቆየ ዕቃ ነው። በሱዳን ከርማ በሚባል ቦታ ከ3,500 ዓመት በፊት የሞተ ሰው በእንጨት አልጋ ላይ ተጋድሞ ይቀበር እንደነበር መቃብሮቹ ተቆፍረው ታውቋል። ለመተማ ሌሊት ከሆነ እኛ ከሆቴሉ ፍራሽ ይልቅ ይህን እንመርጣለን።

ግን አልጋ ያለው ሁሉ አይደለም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሕዝብ በመተማ በኩል ገባ፤ መሬት ላይ ያደረው ብዙ ነበር። በየዓመቱ ደግሞ ከደጋ ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች አሉ። ሰሊጥ ከደረሰ ሰው አይጠብቅም፤ ፍሬው ይረግፋል። ስለዚህ ሠራተኛው እዚያው ማሳው ዳር፣ ከግራር ሥር፣ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ይተኛል። የሚጎዳውም እዚያ ነው።

በዋልካ መሬት ስንጥቅና በዛፍ ቅርፊት ውስጥ የአሸዋ ዝንብ የምትባል ነፍሳት ትኖራለች። ከትንኝ በጣም ታንሳለች። ስትመጣ ድምፅ የላትም። ከምሽት እስከ ንጋት ትነክሳለች። የምታመጣው በሽታ ካላዛር ይባላል። ትኩሳቱ ሳምንታት ይቆያል፤ ሰውነት ይከሳል፤ ጣፊያ ያብጣል። ካልታከመ ይገድላል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ በሽታው ሲገኝ መጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት ያልበገረው ወባ ነው። ካላዛር የቆላ በሽታ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበርና። ለሥራ ቆላ ወርደው የተመለሱ ሰዎች ይዘውት መምጣታቸው ከተጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ ነው።

እንግዲህ ስለ ቀን ክፍያ ስትነጋገሩ ስለ መኝታም ተነጋገሩ። አጎበር አለ ወይ? ከመሬት ከፍ ያለ መኝታ አለ ወይ? ብላችሁ ጠይቁ። ከግራር ሥር አትተኙ። ዓይኑ ሰፊ የሆነ አጎበር የአሸዋ ዝንብን አይከለክልም፤ ዓይኑ የጠበበና መድኃኒት የተነከረ ይሁን። አዲሱን አጎበር መጀመሪያ አንድ ቀን ጥላ ውስጥ አናፍሱት። ማሳ ላይ ከሆናችሁ አራት እንጨት ትከሉና አራቱን ማዕዘን እሰሩ። ጠርዙን ከምንጣፉ ሥር ወትፉት። ይህ ለወባም ይሆናል።

ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ የወባ መድኃኒትም ካልመለሰው፣ ቆላ ወርዳችሁ እንደነበር ለሐኪሙ ንገሩት። የካላዛር ሕክምና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይሰጣል። መርፌው ብዙ ጊዜ ከሁለት ሳምንት በላይ ይፈጃል። ሕመምተኛው በሆስፒታሉ አልጋ ይይዛል። አስታማሚውም ከተማ ውስጥ አልጋ መያዙ አይቀርም። ለብዙ ቀን ለሚያድር ሰው ዋጋ የሚቀንሱ ቤቶች ስላሉ፣ ሒሳቡን በቀን ሳይሆን በሳምንት ጠይቁ። ለአንድ ሰው 90 ሳንቲ ሜትሩ ይበቃል።