ቀጭ የሚለው ብረት

ስለ በገናና ስለ ክራር፣ ስለ ሠዓሊ ብሩሽና ስለ ቀራፂ መሮ የተጻፈ ብዙ አንብቤአለሁ። መሣሪያ ያለ እጅ ብረትና እንጨት ብቻ መሆኑን ጸሐፊዎቹ ደጋግመው አስረድተዋል፤ ልክ ናቸው። እኔ ደግሞ ብዕሬን ያነሣሁት ዘፈን ስላልወጣለት፣ ሠዓሊም ስላልሣለው፣ ነገር ግን የሙያ ዘመኔን ሁሉ በቀኝ እጄ ስለኖረ አንድ መሣሪያ ጥቂት ለማለት ነው። ይኸውም የአውሮፕላን ጎማ የሚገጣጠምበት የልክ መፍቻ ነው። በሥራ ቤታችን በአጭሩ «ቶርክ» እንለዋለን።

ክንድ የሚያህል፣ መያዣው እንዳያዳልጥ የተከረከረ ረጅም ብረት ነው። ከመያዣው በላይ ቁጥሮች ተቀርጸውበታል። መያዣው ሲዞር በሆዱ ውስጥ ያለው የብረት ሞላ ይጨመቃል፤ የተፈለገው ቁጥር ላይ ሲደርስም ይቆለፋል። ከዚያ በኋላ ብሎን ሲያጠብቁበት፣ የታዘዘው ልክ በደረሰባት ቅጽበት ሞላው አፍኖ የያዘውን ይለቅና «ቀጭ» ይላል። ድምፁን ጆሮ ይሰማዋል፤ መዳፍም ከጆሮ ቀድሞ ይሰማዋል። በቃ ማለቱ ነው። ይሁን እንጂ «በቃ» ይላል እንጂ አያስቆምም። ከ«ቀጭ» በኋላ መግፋት የፈለገ እጅ እንዳሻው ሊገፋ ይችላል፤ ብረቱ የሚከለክልበት ኃይል የለውም። ይህን ጠባዩን ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ስሙም ዘወትር ያስገርመኛል። በቋንቋችን ብሎን የሚዞርበትን መሣሪያ ሁሉ መፍቻ እንላለን፤ የሚያጠብቀውንም የሚያላላውንም በመፍታቱ ብቻ ሰየምነው። ይህ መሣሪያ ግን በሕጉ መፍቻ አይደለም። ብሎን እንዲፈታበት አይፈቀድም፤ የጠነከረ ብሎን ሲፈታበት ሞላውና ልኩ ይዛባልና። ሊፈታ የማይችለውን መፍቻ ብለን ስንጠራው ኖርን።

መሣሪያውን ያሰበው ኮንራድ ባር የተባለ በኒው ዮርክ ከተማ የውሃ አገልግሎት የሚሠራ ሰው ሲሆን ጊዜው እ.ኤ.አ. 1918 ነበር። ከመሬት በታች የተዘረጉ ቧንቧዎችን የሚገጥሙ ሠራተኞች ብሎኖቹን ከልክ በላይ እያጠበቁ ይበጥሷቸው ስለ ነበር መላ ፈለገላቸው። እንግዲህ መነሻው የጉልበት ማነስ ሳይሆን የጉልበት መብዛት መሆኑን ልብ ይሏል።

የአውሮፕላን ጎማ እንደ መኪና ጎማ ተለጥጦ በቸርኬ ላይ አይገባም፤ ለዚያ እጅግ ደንዳና ነው። ስለዚህ ከአሉሚኒየም የተሠራው ቸርኬ ለሁለት የተከፈለ ነው። ሁለቱ ግማሾች ጎማውን ከግራና ከቀኝ ገብተው በመሐል ይገናኛሉ። በመገናኛቸው ላይ ነፋስ እንዳያሾልክ ግራሶ የተቀባ የላስቲክ ቀለበት ይቀመጣል። አንድ አድርገው የሚይዟቸው ክብ ሠርተው የተደረደሩ ብሎኖች ናቸው። እነዚህ ብሎኖች በተርታ አይጠብቁም። አንዱ ከጠበቀ በኋላ ፊት ለፊቱ ያለው ይከተላል፤ ሁሉም በመጀመሪያ በትንሽ ልክ፣ ቀጥሎም በሙሉው ልክ ይዞራሉ፤ ባንድ በኩል ጠብቆ በሌላው እንዳያዛንፍ ነው። ከዚያም ናይትሮጂን ይሞላል። በመካከለኛ የመንገደኞች አውሮፕላን ጎማ ውስጥ ያለው ግፊት በኢንች ካሬ 200 ፓውንድ ገደማ ነው፤ በቤት መኪና ጎማ ውስጥ ያለው 30 ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ነው። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ጎማው ከመቆም ተነሥቶ በቅጽበት በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ መሽከርከር አለበት። መንገደኛው በመስኮት የሚያየው ያ ነጭ ጢስ ከዚህ የሚመጣ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የብሎን ጠባይ ነው። ብዙ ሰው ብሎን ማለት ሁለት ነገሮችን የሚቸነክር ምስማር ይመስለዋል። አይደለም፤ ብሎን የክራር ጅማት ነው። ሲጠብቅ ለዓይን በማይታይ መጠን ይለጠጣል፤ የተለጠጠው ብረት ወደ ቀድሞው ለመመለስ ሲስብ ነው ሁለቱን ግማሾች የሚያጣብቃቸው። የላላ ጅማት ዜማ እንደማይሰጥ፣ የላላ ብሎንም በእያንዳንዱ ዙር ሸክሙ እየወጣ እየገባ ያደክመዋል፤ ኋላም ይሰነጠቃል። ከልክ በላይ የተሳበው ደግሞ ተለጥጦ ይቀራል፤ መመለሻም የለውም። ክራር ደርዳሪ ይህን ያለ ትምህርት ያውቀዋል። እርሱ ግን ጅማቱን መትቶ ይሰማዋል፤ እኛ የምንለካው መሳቡን ሳይሆን መዞሩን ነው። ከምናወጣው ጉልበት ከመቶው ዘጠና ያህሉ በብሎኑ ጥርስና በዳዶው ሥር ባለው ፍትጊያ ያልቃል፤ ለመሳቡ የሚተርፈው ዐሥር እጅ ገደማ ነው። ስለዚህም ጥርሱና ሮንዴላው በታዘዘው ቅባት ካልተቀቡ መሣሪያው «ቀጭ» እያለ እንኳ ብሎኑ የላላ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ልክ ሆኖ ሥራው ሐሰት የሚሆንበት ጊዜ አለ ማለት ነው።

አባቴ የቡልጋ ገበሬ ነበር። ምራን ሲያስር አጠገቡ ቆሜ አይቼዋለሁ። ሞፈርንና ቀንበርን የሚያያይዘው ያ የቆዳ ጠፍር ከላላ ቀንበሩ እየዋለለ የበሬውን ጫንቃ ይልጠዋል፤ ከጠበቀ ደግሞ ማረሻው ድንጋይ ባገኘ ጊዜ ወይ ምራኑ ይበጠሳል ወይ ሞፈሩ ይሰበራል። አባቴ ልኩን የሚያውቀው በእጁ ነበር። አስሮ ሲጨርስ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን ያደርገውና «ይኸው» ይላል፤ ከዚያ በኋላ አይነካውም። እኔ ግን በልጅነቴ የምቀናው በጎረቤታችን ጎልማሳ ነበር፤ እርሱ ሲያስር እግሩን ሞፈሩ ላይ ተክሎ ይስባል፤ ሰውም «እጁ ብረት ነው» እያለ ያደንቀዋል። ወደ ሥራ ቤት ስገባ ይዤ የገባሁት የአባቴን አውራ ጣት ሳይሆን የጎረቤቴን ክንድ ነበር።

ጊዜው 1976 ዓ.ም. ክረምት ነው። ባንድ የአውሮፕላን ጥገና ክፍል ውስጥ የሙከራ ጊዜዬን ሳልጨርስ፣ በጎማና ፍሬን ክፍል ተመድቤ እሠራ ነበር። አለቃዬ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። የዚያን ዕለት ሁለት ቸርኬ ገጥሜ ሦስተኛውን ልጀምር ስዞር ክርኔ ጠረጴዛው ላይ ያጋደምሁትን ቶርክ ነካውና በሲሚንቶው ወለል ላይ ወደቀ። ዙሪያዬን ቃኘሁ። የነፋስ መሙያው ሞተር ይጮኻል፤ ያየም የሰማም አልነበረም። አነሣሁት፤ በጨርቅ ጠረግሁት፤ ጭረት እንኳ አልነበረበትም።

ደንቡን አላውቅም ልል አልችልም። የወደቀ መሣሪያ ምንም ቢመስል ቀይ ወረቀት ታስሮበት ወደ መለኪያ ክፍል ይሄዳል፤ ተፈትሾ እስኪመለስም ማንም አይሠራበትም። ነገር ግን ካለፈው ወር ጀምሮ ፍርሃት ይዞኝ ነበር፤ አብሮኝ የገባ አንድ ወጣት በጥፋት ተሰናብቶ ነበርና። በተጣለ አሮጌ ብሎን ላይ ሞከርሁት። «ቀጭ» አለ። ያ ድምፅ አታለለኝ፤ ወይም መታለል ፈልጌ ነበር። ሦስተኛውን ቸርኬ ገጠምሁበት። በቅጹ ላይ የመሣሪያውን ቁጥር ጻፍሁ፤ ፈረምሁ።

አዲስ የተገጠመ ጎማ ዕለቱን ወደ አውሮፕላን አይሄድም። ናይትሮጂን ሲሞላ ጎማው ይለጠጣልና ግፊቱ ጥቂት ይወርዳል፤ 12 ሰዓት ቆይቶ ይስተካከላል፤ ከዚያም በ24 ሰዓት ውስጥ ከመቶ አምስት እጅ በላይ አለማጉደሉ ይጠበቃል። ይህ ጊዜ የተመደበው ለጎማው ነው። ያን ሌሊት ግን ለእኔም ሆነ። ጣራው ላይ ዝናም ሲወርድ እየሰማሁ ቸርኬውን በሐሳቤ እዞረው ነበር። ነገሩን ማንም ሊያውቀው አይችልም፤ ጎማው ከብዙ መሰሎቹ ጋር ተደባልቆ ይሄዳል፤ ምናልባትም አንዳች አይሆንም። ያስጨነቀኝ ይኸው «ምናልባት» ነበር።

በማለዳ ጋሼን ሻይ ሲጠጡ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ትናንት ቶርኩ ከጠረጴዛ ወድቆብኛል።»

ስኒውን አስቀመጡ። «ስንት ሰዓት ላይ?»

«ዐሥር ሰዓት ግድም።»

«ከዚያ ወዲህ ስንት ቸርኬ ገጠምህበት?»

«አንድ።»

«አሳየኝ።»

ለምን ትናንት አልተናገርህም አላሉኝም። ብለው ቢሆን መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ እርሱንም ይዤው ቀረሁ። ጎማው ዘንድ ደርሰን መለኪያውን ሲያስገቡ ግፊቱ ንቅንቅ አላለም። ውስጤ ጥቂት ተጽናና። እርሳቸው ግን ቀይ ወረቀት አሰሩበትና «አስተንፍሰው» አሉኝ። ናይትሮጂኑ እያፏጨ ሲወጣ እጃቸውን ከቫልቮላው ላይ ሳያነሡ ቆሙ። ግፊት ባለበት ቸርኬ ላይ ብሎን የፈታ ሰው የሚደርስበትን የዚህ ሙያ ሰዎች ሁሉ ያውቃሉ፤ ሁለቱ ግማሾች እንደ መድፍ ጥይት ይለያያሉና ከፊታቸው የቆመ አይተርፍም። ሲፉጨት የነበረው ጸጥ ሲል፣ እንደገና ለክተው ባዶ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ብቻ «ፍታ» አሉ። ብሎኖቹ ስንጥቅ እንዳለባቸው ሊመረመሩ ሄዱ። በሌላ ቶርክ፣ ሌሎቹ ሠራተኞች እያዩ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ገጠምሁት። በአሮጌው ቅጽ ላይ ፊርማዬን ራሴ እንድሰርዝ አደረጉኝ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያም ደረሰኝ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የመለኪያ ክፍሉ ውጤት መጣ። መሣሪያው ደኅና ነበር፤ ልኩ አልተዛባም። ጓደኞቼ ሳቁብኝ፤ «ዝም ብትል ምን ነበረበት?» አሉኝ። እውነት ነው፣ ጎማውም አልከሰሰኝም፤ ብረቱም አልከሰሰኝም። ጋሼ ወረቀቱን አንብበው ኪሳቸው ከተቱና ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አንሥተው አያውቁም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ራሴን ስጠይቅ ኖሬአለሁ፤ መሣሪያው ደኅና መሆኑን በዚያች ሌሊት አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ እናገር ነበርን? መልሱ ደስ የሚያሰኝ አይደለም።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 4 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ የናይጄሪያ ምእመናንን ከሐጅ ሊመልስ ከጂዳ የተነሣ የአንድ ካናዳዊ ኩባንያ ዲሲ 8 አውሮፕላን በእሳት ተያይዞ ወደቀ። 261 ሰዎች አለቁ። ምርመራው መነሻውን ከጎማዎቹ አገኘው። በቂ ግፊት ያልነበራቸው ጎማዎች ለመነሣት ሲሮጡ ግለው ፈነዱ፤ እሳቱም መንኰራኵሮቹ ሲታጠፉ ወደ ውስጥ ገባ። የግፊቱ ማነስ ከበረራው በፊት ይታወቅ ነበር፤ ጉዞው እንዳይዘገይ ሲባል ሳይሞላ ቀረ። ከዚያም አስቀድሞ፣ መጋቢት 22 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ በሜክሲኮ አንድ ቦይንግ 727 ወድቆ 167 ሰዎች ሞተዋል፤ በናይትሮጂን ፈንታ ተራ አየር የተሞላ ጎማ በጋለ ፍሬን አጠገብ ፈንድቶ ነበር። የጂዳውን ባነበብሁ ጊዜ መጀመሪያ የታየኝ የአውሮፕላኑ ስብርባሪ አልነበረም። መለኪያውን አስገብቶ ቁጥሩን ያነበበ፣ ከዚያም ዙሪያውን የቃኘ ሰው ነው። ማን እንደ ሆነ አላውቅም፤ ፊቱን ግን የማውቀው መሰለኝ።

አሁን ጡረተኛ ነኝ። ባለፈው ጊዜ ጉዳይ ገጥሞኝ ወደ መርካቶ ወርጄ ሳለሁ ምናለሽ ተራ ገባሁ። ከአሮጌ ካቻቢቴና ከዛገ ኩሽኔታ መካከል አንድ ቶርክ ተጋድሞ አየሁ። የተፈተሸበትን ቀን የሚናገረው ወረቀት ከላዩ ከተነቀለ ቆይቷል። አንሥቼ ቁጥሩን ባየው ከፍ ባለ ልክ ላይ ተጨምቆ እንደ ተቆለፈ ነው፤ ስንት ዓመት እንደዚያ እንደ ቆየ እንጃ። ሥራ ሲያልቅ ሞላው እንዳይደክም ወደ ዝቅተኛው ቁጥር መመለስ አለበት፤ ይህ የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት ነው። መቆለፊያውን ከፍቼ መያዣውን ቀስ እያልሁ እስከ ታችኛው ቁጥር መለስሁት። ዝገቱ ይዞት ስለ ነበር ጊዜ ወሰደብኝ።

«አባባ፣ ይገዙታል ወይስ ይተዉታል?» አለኝ ባለ ሱቁ ልጅ።

«አልገዛውም» አልሁና ከነበረበት ቦታ አጋደምሁት።