አንድ ጆንያ ስኳር

ወገኖቼ፣ በዚህ በእጅ በምትጻፈው መጽሔታችን ብዙዎች ስለ አገር ናፍቆትና ስለ መንገድ መከራ ጽፈዋል። እኔ የምጽፈው ስለ ሱቅ ነው። «ስለ ሱቅ ደግሞ ምን ይጻፋል?» የሚለኝ ቢኖር ታግሦ እስከ መጨረሻው ያንብብልኝ። በሱዳን ምድር የምንኖረው በፈረንጅ ቀን ስለሆነ ዓመቶቹን የጻፍኳቸው በዚያው አቆጣጠር ነው።

ከጎንደር ወጥቼ በመተማ በኩል ገላባት የገባሁት በ1978 ነው። ከዚያ በፊት በአንድ የቀበሌ ኅብረት ሱቅ መዝገብ ያዥ ነበርኩ። ገዳሪፍ ስደርስ ግን እንደ ሌላው ስደተኛ ሁሉ የሰሊጥ አጨዳና ጆንያ መሸከም ጠበቀኝ። ጥቂት ዓመታት እንዲህ ካለፉ በኋላ አንድ የከተማው ነጋዴ መደመርና መቀነስ የምችል መሆኔን አይተው ከጫኝነት አውጥተው ሱቃቸው አስገቡኝ። በ1983 ደግሞ የችርቻሮ ሱቁ ተቆጣጣሪ አደረጉኝ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ እኛ ሐጂ እያልን ነበር የምንጠራቸው።

የተቆጣጣሪ ሥራ ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ጠዋት መክፈት፣ ባዶው ሚዛን ቀጥ ብሎ መቆሙን ማየት፣ አሮጌውን ዱቄት ከፊት አዲሱን ከኋላ መደርደር፣ ማታ ሣጥኑን ቆጥሮ ከዱቤ ደብተሩ ጋር ማመሳከር፣ በየሦስት ወሩም ጀርድ ማድረግ ነው። ጀርድ ሱዳኖች የዕቃ ቆጠራን የሚጠሩበት ስም ነው። ከዚህ ሌላ በደብተር የማይጻፍ ሥራ አለ፤ እሱም የሌላውን ሰው እጅ ሲመለከቱ መዋል ነው። በሥሬ ሁለት ሱዳናውያንና አንድ የእኛ ልጅ ነበሩ።

ልጁ የአርማጭሆ ተወላጅ ሲሆን ዕድሜው 17 ዓመት ቢሆን ነው። ሌሊት የሚያድረው እዚያው ሱቁ ውስጥ ነበር። አንደኛ ቤት አልነበረውም፤ ሁለተኛ ከሻን ይፈራ ነበር። በ1974 የወጣው የሱዳን የጥገኝነት ሕግ ስደተኛ ከተመደበበት ሥፍራ ያለ ፈቃድ እንዳይወጣና ያለ ፈቃድ እንዳይሠራ ያዝዝ ስለነበር፣ ወረቀት የሌለው ሁሉ የፖሊስ መኪና ድምፅ ሲሰማ ልቡ ይደነግጣል። በ1984 ክረምት ጦርነትና ረሃብ ተደርበውባቸው እናቱና ታናሽ እህቱ ተሰደው ኡም ራኩባ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ልጁ ደመወዙን አስቀድሞ መጠየቅ አበዛ። እኔም ይህን በልቤ ያዝኩት።

በሱቃችን ስኳር የሚሸጠው በረጥል ነበር። ክረምቱ ሲገባ የረጥሉ የሚዛን ብረት ከጠረጴዛው ላይ ጠፋ። ገበያ ወርጄ ሌላ ገዛሁ፤ የገዛሁት ግን የግማሽ ኪሎ ብረት ነበር። በኪሎ ላደግሁት ለእኔ ረጥልና ግማሽ ኪሎ አንድ ነበሩ። በእጄ መዘንኩት፤ ልዩነት አልተሰማኝም። ከዚያ በኋላ ደንበኛ በዛልን። ጎረቤት ያሉ ሱቆች ዝንብ ሲያባርሩ በእኛ በር ላይ ሰልፍ ሆነ። እኔም የቁጥጥሬ ፍሬ ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

በጥቅምት ወር ጀርድ አደረግን። ሐጂ ከእያንዳንዱ ጆንያ ስኳር የሚጠበቀውን ገንዘብ በደብተሩ ላይ ጽፈውት ነበር። በሦስት ወር የሸጥነው 10 ጆንያ ነው፤ ገንዘቡ ግን የዘጠኝ ጆንያ ብቻ ሆነ። ደግመን ቆጠርን፤ ያው ነው። ሐጂ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «ተቆጣጣሪው አንተ ነህ፤ ማን ወሰደው?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ያን ጊዜ ያልደረሳችሁ እንድታውቁት ያስፈልጋል። ፕሬዚዳንት ኒሜሪ በመስከረም 1983 ባወጁት ሕግ የሌብነት ቅጣት የእጅ መቆረጥ ሆኖ ነበር። ነገሩ በወረቀት የቀረ አይደለም፤ በ1984 በካርቱም የሰው እጅ ተቆርጧል። ይህንንም ሁላችን እናውቅ ነበር። በዚያ ዓመት አንድን ሰው ሌባ ማለት በእጁ ላይ መፍረድ ነበር።

እኔ ግን የልጁን ስም ጠራሁ። ሌሊት ሱቁ ውስጥ የሚያድረው እሱ ነው፤ ገንዘብ የቸገረውም እሱ ነው፤ ሂሳቡ ግልጽ መሰለኝ። ሻጮቹ ሁሉ ባሉበት ጥቅሉን አስፈታሁት። በጨርቅ የተቋጠረች አንድ ረጥል የምትሆን ስኳር ተገኘች። «ይኸው!» አልኩ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ፣ እሷን እኮ ገዝቻት ነው፤ በዱቤ የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት» አለኝ። ደብተሩ ከፊቴ ነበር፤ አልገለጥኩትም።

ሐጂ ፖሊስ አልጠሩም። ምን እንዳሰቡ አላውቅም። «ከሱቄ ይውጣ፣ የቀረውን ለአላህ ትቻለሁ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ልጁ የ22 ቀን ደመወዙን ሳይጠይቅ ጥቅሉን ይዞ ሄደ። ማታ ብቻዬን ስሆን ደብተሩን ገለጥኩ። በራሴ እጅ ጽሕፈት፣ በስሙ፣ «ስኳር 1 ረጥል» የሚል አለ። ያም ሆኖ «አንዷን ረጥል ቢገዛም ጆንያውን ግን ሰርቋል» ብዬ ራሴን አጽናንቼ ተኛሁ።

በታኅሣሥ አንዲት በገበያ ሻይ የሚሸጡ ሱዳናዊት እናት እንደ ልማዳቸው ስኳር ሊገዙ መጡና እየሳቁ፣ «የእናንተ ረጥል በረካ አለው፤ 10 ገዝቼ ቤቴ ስሰፍረው 11 ይሆንልኛል» አሉ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ከጎረቤት ሱቅ የረጥል ብረት ተውሼ በአንዱ ወገን፣ የእኛን ብረት በሌላው ወገን አስቀመጥኩ። የእኛ ብረት ወደ ታች ወረደ።

ወረቀት አውጥቼ አሰላሁ። የሱዳን ረጥል 449 ግራም ነው፤ ግማሽ ኪሎ ደግሞ 500 ግራም። በአንድ ረጥል 51 ግራም እንጨምር ነበር ማለት ነው። 50 ኪሎ የሚመዝን ጆንያ 111 ረጥል ሊወጣው ሲገባ እኛ 100 ብቻ አወጣነው። በ10 ጆንያ ሲሆን ከ110 ረጥል በላይ ይሆናል፤ ይህም አንድ ጆንያ ነው። የጠፋው ጆንያ በበር አልወጣም፤ በሚዛኑ ላይ በ51 በ51 ግራም እያለ ሲወጣ ቆሞ ያየው ተቆጣጣሪው ራሱ ነው።

በማግሥቱ ለሐጂ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስሌቱን ራሳቸው ደግመው ሠሩት። የጆንያውን ዋጋ ከደመወዜ በአራት ወር እንዲቆረጥ ወሰኑ፤ የልጁን የ22 ቀን ደመወዝ ግን ወዲያው ቆጥረው ሰጡኝና፣ «ፈልገህ አድርስ» አሉኝ።

በጥር 1985 የመንገድ ፈቃድ አውጥቼ በጭነት መኪና ኡም ራኩባ ሄድኩ። ያን ጊዜ ሰፈሩ በሰው ተጨናንቆ፣ በሽታም ገብቶበት ነበር። ጠይቄ ጠይቄ እናቱን አገኘኋቸው። ልጁ ሥራ ፍለጋ ወደ ካርቱም ሄዷል። ለእናቱ የነገራቸው ሥራው ማለቁን ብቻ ነው፤ ስለ ጥቅሉ መፈታት አንድ ቃል አልተናገረም። ገንዘቡን ተቀብለው መረቁኝና፣ «አንተ ማነህ ልጄ?» ሲሉ ጠየቁኝ። «አብረን የምንሠራ ነን» አልኳቸው። ከዚህ በላይ ለመናገር አፌ አልታዘዘልኝም።

ይህ ከሆነ 40 ዓመት አልፏል። ኒሜሪ በሚያዝያ 1985 ከሥልጣን ወረዱ። ኡም ራኩባም ተዘግቶ በኅዳር 2020 ለአዲስ ስደተኞች ዳግመኛ ተከፈተ። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ገዳሪፍ ከየከተማው በተፈናቀለ ሕዝብ ሞላች። በታኅሣሥ 2024 የብር ኖት ሲቀየር በየሱቁ ምን ያህል ቆጠራና ምን ያህል ጥርጣሬ እንደነበረ እናንተም አይታችኋል። ገንዘብ ሲጎድል ዓይን ቶሎ የሚያርፈው ማንም በሌለው ሰው ላይ ነው።

ዛሬ ሱቅ የምትጠብቁ፣ ዕቃ የምታድሉ ወጣቶች በመካከላችን አላችሁ። ከስሕተቴ የተማርኩትን ልንገራችሁ። የሚዛን ብረታችሁን በየጊዜው ከሌላ ብረት ጋር አመዛዝኑ። ቆጠራን ለሦስት ወር አታቆዩ፤ በየሳምንቱ ብትቆጥሩ ጉድለቱ ገና ሳይገዝፍ ምንጩ ይታወቃል። ሽያጭ በድንገት ሲበዛም ምክንያቱን መርምሩ። አንድ ሰው «ደብተሩን እይ» ሲላችሁ እዚያው በሰው ፊት ግለጡት። የሰውን ጥቅል ግን በሰው ፊት አታስፈቱ።

አንተም የአርማጭሆ ልጅ፣ ዛሬ ስልሳ ዓመት እየተጠጋህ ይሆናል። በሕይወት ካለህና ይህች ወረቀት በአንድ ሰው እጅ ከደረሰችህ፣ ስኳሩን አልወሰድክም። ሌባ ያልኩህ በሰው ፊት ነበር፤ ቃሌን የማነሣውም በሰው ፊት ነው። ይቅር በለኝ።