ለመረዳዳትም ለመደሰትም

አንባቢ ሆይ፤ እናትህ የእድሯን ካርኒ የት እንደምታኖረው ታውቃለህ? በእኛ ቤት ከቁም ሣጥኑ በላይ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ልጅ ሳለሁ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ገንዘቡን ይዤ የምላከው፣ ካርኒውንም አስቆርጬ የምመለሰው እኔ ነበርሁ፤ ከዚህም የተነሣ መዝገብ የያዘ ሰው ትልቅ ሰው ነው የሚል እምነት አደረብኝ። በኋላም በአሜሪካ አገር፣ በቴክሳስ፣ በሂዩስተን ከተማ ስኖር፣ እዚያ ካሉት የአገራችን ሰዎች ማኅበራት አንዱ ጸሐፊ አድርጎ ሲመርጠኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ዛሬ የማጫውትህ በዚያ መዝገብ ስለ ሠራሁት ስሕተትና፣ በ2009 ዓ.ም. በነሐሴ ወር የደረሰው ታላቅ ጎርፍ ስሕተቴን እንዴት አድርጎ እንዳሳየኝ ነው።

ሃርቪ የሚል ስም የወጣለት አውሎ ነፋስ ነሐሴ 19 ቀን (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 25 ቀን 2017) ዓርብ ማታ ሮክፖርት በተባለች ከተማ አጠገብ ከባሕር ወደ የብስ ወጣ። አውሎ ነፋስ እንደ ልማዱ መትቶ የሚያልፍ ነው፤ ይህኛው ግን ነፋሱ ቢደክምም ደመናው ከቦታው አልንቀሳቀስ ብሎ ለቀናት አወረደው። ኔደርላንድ በምትባል ከተማ ከ1,500 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ ተለክቷል። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ የምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑን ስታስታውስ፣ በልጉንና ክረምቱን አንድ ላይ አድርገው ከሳምንት ባነሰ ጊዜ እንዳፈሰሱት ቁጠረው። ሂዩስተን ደግሞ ሜዳ ናት። ውሃዋን ወደ ባሕር የሚያወጡላት ባዩ የተባሉ ቀርፋፋ ጅረቶች ናቸው፤ እነርሱ ሲሞሉ ውሃው የሚሄድበት አጥቶ በየሰዉ ደጃፍ ገባ። በጠቅላላው ከ100 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ጉዳቱም 125 ቢሊዮን ዶላር ያህል ተገመተ። በከተማይቱ ትልቁ የስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ብቻ ከ10,000 የሚበልጥ ሰው ተጠልሎ ነበር።

እሑድ ነሐሴ 21 ቀን ጧት እኔ ሁለተኛ ፎቅ ላይ በደረቅ ቤት ተቀምጬ መዝገቤን ከፈትሁ። የአባላቱን ተራ ቁጥር እየተከተልሁ ለየቤተሰቡ ስልክ ደወልሁ። መልስ የሰጠኝን በቀይ እስክርቢቶ ምልክት አደረግሁበት፤ ያልመለሰውን ደግሜ ደወልሁለት። አንዱ ልጆቹን ይዞ ኮርኒሱ ላይ ወጥቷል፤ ሌላው በጀልባ ተወስዷል። ጀልባዎቹም የመንግሥት ብቻ አልነበሩም፤ ዓሣ የሚያጠምዱባቸውን ትንንሽ ጀልባዎች በመኪና እየጎተቱ ከጎረቤት ክፍለ አገር ከሉዊዚያና ድረስ የመጡ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ማታ ለሊቀ መንበራችን «ጋሼ፣ አንድም የጠፋ አባል የለብንም» ብዬ ሪፖርት አደረግሁ። ያንኑ ሌሊት በሚያምር ጽሕፈት ገልብጬ አስቀመጥሁት። መቸም ጸሐፊ ሆኖ ያየ ሰው ይህን ዓይነቱን ደስታ ያውቀዋል።

ማክሰኞ ዕለት ለበዓል ግብዣችን ወጥ ከሚሠሩልን ሴቶች አንዷ ደወለችልኝ።

«ወንድሜ፣ አምና ለእንቁጣጣሽ ድፎ ዳቦውን ያመጡልን እትዬስ እንደምን ሆኑ?»

«የትኛዋ?»

«ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከልጆቹ ጋር እስክስታ የገጠሙት ናቸዋ!»

አስታወስኋቸው። መዝገቤን ገለጥሁ። በስማቸው ላይ በእኔው እጅ የተሰመረ ቀጥ ያለ መሥመር አለ። ለሦስት ወር መዋጮ ያልከፈለ አባል ይሰረዛል የሚል አንቀጽ በደንባችን ስለ ነበረ በሰኔ ሰርዣቸዋለሁ። ከመሰረዝህ በፊት ደውለህ ምን እንደ ሆኑ ጠይቀሃል ወይ ትለኝ ይሆናል። አልጠየቅሁም። ደንቡ ጠይቅ አይልም።

«በመዝገብ የሉም» አልኋት።

ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ በኋላ «መዝገብህን ማን ጠየቀህ? ሴትዮዋ የት ናቸው ነው የምልህ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ያገኟቸው ሴቶቹ ናቸው። አምና ከጭፈራው በኋላ በሌሊት በመኪናዋ ያደረሰቻቸው አንዲት አባል ቤቱን ታውቀው ነበርና፣ ውሃው ጎደል ሲል ወንዶች ልጆቿን አስከትላ ሄደች። የእትዬ ክፍል ምድር ቤት ስለ ነበረ ውሃው ከአልጋው በላይ ደርሶ ነበር። ላይኛው ፎቅ የሚኖሩ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ጎረቤቶቻቸው እጃቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው አውጥተዋቸው፣ አንድ ቃል ሳይግባቡ ሁለት ሌሊት ባቄላና ሩዝ ሲያበሏቸው ሰንብተዋል። የደም ግፊት መድኃኒታቸው ግን ከታች ከነሣጥኑ ሰጥሟል፤ ስለዚህ ሴቶቹ ሲደርሱ ራሳቸውን ይዘው ተኝተው ነበር። መዋጮውን ያቋረጡት በመጋቢት ታመው ሥራቸውን በመልቀቃቸው እንደ ሆነ ያን ጊዜ ሰማሁ።

እንግዲህ ይህን ያህል ካፈርሁ በኋላ ልቤ ለስለስ ይላል ብለህ ታስብ ይሆናል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆነ። ያፈረ ሰው ሌላውን ለመገሠጽ ይቸኩላል። ነሐሴ 28 ቀን በተደረገው ስብሰባችን ላይ ከሁሉ አስቀድሜ ተነሣሁና፣ አዳራሽ ተከራይተን፣ ለሙዚቃ ጓድ ቀብድ ከፍለን ያዘጋጀነው የአዲስ ዓመት ዋዜማ ግብዣ ይሰረዝ አልሁ። «ወገናችን ከጭቃ ላይ ወድቆ እኛ ልንጨፍር ነውን?» ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ብዙ ሰው አጨበጨበልኝ። ሴቶቹ ግን አላጨበጨቡም። ገንዘብ ያዣችንም ቀብዱ እንደማይመለስ፣ ከዓመቱ ገቢያችን የሚበልጠውም የሚገኘው ከዚያች ከአንዲት ሌሊት እንደ ሆነ አስረዳ። ነገሩ ሳይቆረጥ ለማክሰኞ ተቀጠረ።

በማግሥቱ ከጓደኞቼ የሰበሰብሁትን ልብስ በሦስት ትላልቅ ከረጢት አጭቄ ወደ አንድ መጠለያ ወሰድሁ። በሩ ላይ የቆመችው ልጅ በትሕትና «አመሰግናለሁ፤ ልብስ ግን የምናስቀምጥበት የለንም» አለችኝ። ከኋላዋ እንደ ክምር ጭድ የተቆለለ ልብስ ይታይ ነበር። በከረጢቶቼ ውስጥ ምን ነበረ መሰለህ? የሱፍ ካፖርት፣ ረጅም ተረከዝ ያለው የሠርግ ጫማ፣ አንድ ከረባት። በሂዩስተን የነሐሴ ሙቀት! ይህ ጥፋት የእኔ ብቻ አለመሆኑን በኋላ አንብቤ ተጽናናሁ። ሚች የተባለው አውሎ ነፋስ በ1991 ዓ.ም. ሆንዱራስን ባጠፋ ጊዜ፣ ከውጭ የተላከው የልብስ ክምር የአውሮፕላን ማረፊያውን ሞልቶት እርዳታ የጫነ አውሮፕላን ማረፍ አቅቶት እንደ ነበረ ተጽፏል።

ከረጢቶቼን እየጎተትሁ ስመለስ፣ በምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት የሚኖሩ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ከደጃፋቸው ተቀምጠው አዩኝና ሳቁ። ሕንፃችን ከፍ ባለ ስፍራ ስለ ነበረ እርሳቸውን ውሃው አልነካቸውም። ሰውዬው የኒው ኦርሊንስ ተወላጅ ናቸው። ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ነሐሴ 23 ቀን 1997 ዓ.ም. ያችን ከተማ መትቶ የውሃ መከላከያ ግድቦቿ ሲፈርሱ፣ ከከተማይቱ ከመቶ ሰማንያው እጅ በውሃ ተሸፈነ፤ በጠቅላላው ከ1,300 የሚበልጥ ሕዝብ አለቀ፤ ከተረፉትም ብዙ ሺህ ሰዎች በአውቶቡስ ወደ ሂዩስተን ተጋዙ። ከእነዚያ አንዱ እርሳቸው ናቸው። «ለእኔም ያን ጊዜ ካፖርት ሰጥተውኝ ነበር» አሉኝ።

ወንበር አቀረቡልኝና ስለ ማኅበራቸው ያጫውቱኝ ጀመር። በኒው ኦርሊንስ ጥቁሮች ዘንድ «ሶሻል ኤይድ ኤንድ ፕሌዠር ክለብ» የሚባሉ ማኅበራት አሉ፤ ወደ አማርኛ ብንመልሰው የመረዳዳትና የደስታ ማኅበር ማለት ነው። ሥራቸውን ሲነግሩኝ እድር እድር ሸተተኝ። አሮጌዎቹ ማኅበራት የተነሡት በ19ኛው መቶ ዓመት ነው፤ የመድን ኩባንያዎች ጥቁሩን ሕዝብ አንቀበልም በሚሉበት ወይም ዋጋ በሚያስወድዱበት ዘመን አባል ሁሉ በየወሩ ጥቂት ሳንቲም ያዋጣል፤ ሲታመም ሐኪም ይከፈልለታል፤ ሲሞትም በማኅበሩ ወጪ በክብር ይቀበራል። ዙሉ የተባለው ስመ ጥሩ ማኅበር በ1909 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተነሥቶ በ1916 በሕግ ተመዝግቧል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የእኛ እድር ጡሩምባ ነፍቶ ሰው ይጠራል፤ የእነርሱም ጥሩምባ ይነፋል፤ ዳሩ ግን ለሐዘን ብቻ አይደለም። ማኅበሩ በዓመት አንድ እሑድ አባላቱን አንድ ዓይነት ልብስ አልብሶ፣ የነሐስ መሣሪያ የሚነፋ ባንድ አሰልፎ፣ በሠፈሩ መንገድ እየጨፈረ ያልፋል፤ ሕዝቡም ከኋላ ይከተላል። ይህንንም የሚከተለውን ሕዝብ «ሁለተኛው መሥመር» ይሉታል። የአንዱ ማኅበር ተራ ሲያልፍ የሌላው ስለሚተካ፣ ብዙውን እሑድ በአንዱ ሠፈር ጭፈራ አለ። ቀብርም እንደዚሁ ነው፤ ሲሄዱ በዝግታ እያለቀሱ፣ ሲመለሱ እየጨፈሩ ይመለሳሉ።

ከካትሪና በኋላ አባላቱ በሂዩስተን፣ በአትላንታ፣ በዳላስ ተበታትነው ነበር። ሽማግሌው እንደ ነገሩኝ ዝርዝር የያዘው ደብተር ከውሃው ጋር ሄዷል፤ የተገናኙት «እገሌ ከእገሌ አጠገብ ይጨፍር ነበር፤ የእኅቱ ልጅ አትላንታ ናት» እየተባባሉ በስልክ ነው። ቤት የፈረሰበትን ለማጽዳት በየሳምንቱ መጨረሻ በመኪና ተጭነው ይመላለሱ ነበር። በጥር 1998 ዓ.ም. ደግሞ ብዙዎቹ ማኅበራት በአንድነት ሆነው፣ ገና ግማሹ ባዶ በነበረው ከተማ ውስጥ ታላቅ ሰልፍ አደረጉ፤ ለዚያ ሰልፍ ሲባል ከሂዩስተን የሄደው ሰው ቀላል አልነበረም።

እኔም የእኛን ክርክር ነገርኋቸው፤ ስለ እትዬም ሳልደብቅ ነገርኋቸው።

«ማን አገኛቸው?» አሉኝ።

«የወጥ ቤት ሴቶች።»

«ቤታቸውን በምን አወቁ?»

«አምና ከጭፈራው በኋላ ያደረሰቻቸው አባል አለች።»

ሽማግሌው ምንም አልጨመሩም። ዝም ብለው ያዩኝ ነበር። እኔም ከረጢቶቼን ተሸክሜ ወደ ላይ ወጣሁ።

ማክሰኞ ዕለት ቃሌን አነሣሁ። በተሰበሰበ ሰው ፊት «ተሳስቼ ነበር» ማለት እንዴት እንደሚከብድ አንተም በመሥሪያ ቤትህ አይተኸው ይሆናል። ግብዣው እንዲደረግ፣ የመግቢያው ትኬትና የቶምቦላው ገቢ በሙሉ ለተጎዱት እንዲውል ተወሰነ። ሁለተኛው ውሳኔ የሴቶቹ ነበር፤ ይኸውም አንዲት ሳንቲም ከመውጣቷ በፊት ለእያንዳንዱ ቤት ተደውሎ «ምን ይፈልጋሉ?» ተብሎ እንዲጠየቅ ነው።

መልሱን እኔ ጻፍሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ዝርዝር ጽፌ አላውቅም። በረኪና። የላስቲክ ጓንት። ወፍራም ጥቁር የቆሻሻ ከረጢት። የአፍ መሸፈኛ። ምክንያቱም ውሃ የጠጣ ግድግዳ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሻጋታ ያበቅላልና፣ ጂፕሰሙን ከወለል እስከ ደረት ቆርጦ ማውጣት፣ ምንጣፉንም ጠቅልሎ መጣል ግድ ነው። አዲስ የውስጥ ልብስ። የሕፃን ዳይፐር። አንዷ የኤሌክትሪክ ምጣዷ ተበላሽቶባት ምጣድ ብቻ ነው የምሻው አለች። አንዷ ለተራ ስትሰለፍ ልጆቿን የሚጠብቅላት ሰው ጠየቀች። ብዙዎቹ ደግሞ የጠየቁት ዕቃ ሳይሆን ፌማ ለሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚቀርበውን ማመልከቻ የሚሞላላቸው ሰው ነበር፤ የተለመደው የቤት መድን የጎርፍን ጉዳት አይከፍልምና ተስፋቸው ያ ብቻ ነበር። አንተ ቅጽ በመሙላት የሰለቸህ ወጣት ጸሐፊ፣ ያ ችሎታህ በእንዲህ ያለ ቀን ከካፖርት ምን ያህል እንደሚበልጥ ብታይ ኖሮ! ተማሪዎቻችን አንድ ጠረጴዛ ይዘው ሌት ተቀን ሞሉ። በዝርዝሩ ራስ ላይ ደግሞ ሴቶቹ የኤል ሳልቫዶሮቹን ቤተሰብ አስጻፉ። አባል አይደሉም ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

ግብዣው ጳጉሜን 5 ቀን ማታ ሆነ። በዚያው ዕለት ኢርማ የተባለ ሌላ አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳን ይመታ ስለ ነበረ፣ እዚያ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ በጭፈራው መካከል ስልኩን ሲመለከት ይታይ ነበር። ሙዚቀኞቹ ከቀብዱ በላይ አንቀበልም አሉ። ሰው አዳራሹን ሞልቶ ወደ ደጅ ፈሰሰ፤ ቶምቦላውም ከጠበቅነው በላይ ተሸጠ። በረኪናውና ከረጢቱ የተጫነባቸው ሁለት ፒክ አፕ መኪናዎች ለንጋት ጉዞ ከደጅ ቆመዋል።

እኔ በር አጠገብ ከጠረጴዛዬ ተቀምጬ ትኬት ስቆርጥ እትዬ መጡ። የለበሱት ቀሚስ ከሴቶቹ የአንዷ ነው፤ ትንሽ ሰፍቷቸዋል። የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱና የተጠቀለለ ብር ከፊቴ አስቀመጡ።

«ምንድን ነው እትዬ?»

«የስድስት ወር መዋጮዬ ነው። ቁጠረው።»

«እንዲህ ባለ ጊዜ ከእርስዎ አይጠየቅም» አልሁ።

«እኔ እንግዳ ነኝ እንዴ? ካርኒ ቁረጥልኝ።»

ከመጋቢት እስከ ነሐሴ እያንዳንዱን ወር ለይቼ ስድስት ካርኒ ቆረጥሁላቸው። አንድ በአንድ አነበቧቸው፤ አጣጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯቸው፤ ነጠላውንም ወገባቸው ላይ አስረው ወደ ጭፈራው ገቡ።